እናት አባት ገጠር ላላችሁ፦ ጤና መድን ወይስ ከኪስ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ሪፈራል፣ አምጥቶ መጦር ወይስ እዛው

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ቤቷ ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ነው፣ መኪና ከሚያወርዳችሁ ቦታ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ይላል፣ ለሷ ግን አሁን ሁለት ሰዓት ሆኗል። ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ አንድ አይኗን ሞራ ሸፍኖት ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ እህቴ ሸዋሮቢት አግብታ ነው ያለችው። ባለፉት አምስት ስድስት ዓመታት ያልሞከርነው ነገር የለም፣ አምጥተናታል መልሰናታል፣ ከኪስ ከፍለናል መድን አስገብተናታል፣ በኮንትራት አመላልሰናታል በሰልፍ መኪናም አመላልሰናታል። ሰሞኑን ሁለት ሶስት ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ሲጠይቁኝ ለሁሉም በየስልኩ ከማወራ ልጻፈው አልኩ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የቱ ሆስፒታል ነው ጎበዝ ሀኪም ያለው» ብለን ነው። ለወጣት፣ ለአንድ ጊዜ ህመም ልክ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ሰውን ሚይዘው ግን ግፊት ስኳር ልብ አስም ነው፣ አንዴ ታክመው ሚገላገሉት አይደለም፣ በየወሩ ክትትል ይፈልጋል፣ መድሃኒቱ አንድ ወር ከተቋረጠ ያለፈው ሁሉ ልፋት ገደል ነው ሚገባው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «በዓመት አስራ ሁለት ጊዜ መመላለስ ምትችለው የቱ ጋ ነው» ብለን ነው። እኛ ይሄ የገባን ሁለት ዓመት ከባከነ በኋላ ነው።

መድን ወይስ ከኪስ

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር በ2003 በአራት ክልሎች 13 ወረዳ ላይ ነበር የተሞከረው፣ አማራ ክልልም አንዱ ነበር፣ አሁን ገጠሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሰራሩ በቤተሰብ ነው፣ አባወራው ወይ እማወራዋ ትመዘገባለች፣ ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር በአንድ መዋጮ ይያዛሉ፣ ከዛ ውጪ እዛ ቤት ሚኖር አዋቂ ካለ ተጨማሪ ይከፈልበታል። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ሚወሰነው ነገር ያለው፦ እናታችሁ በራሷ ቤት ብቻዋን ምትኖር ከሆነ በራሷ ስም እማወራ ሆና ትመዝገብ፣ ከልጇ ቤት ገብታ ከሆነ ግን በልጇ ካርድ ላይ ተጨማሪ አባል ሆና ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ቀርተው ካርድ ቤት ሲደርሱ ስማቸው የለም የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከኪስ ጋር ሳነጻጽረው እኔ በፍጹም አላመነታም፣ ለአረጋዊ መድን ይሻላል። ምክንያቱ የአንዱ ቀን ህክምና ብቻ አይደለም። ከኪስ ሲሆን እናቴ ራሷ ትደብቃለች፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ብር አታባክን» ትላለች፣ ካርዱ ካለ ግን የተከፈለበት ነው ብላ ትሄዳለች። ይሄን በአይኔ ነው ያየሁት።

ግን ያልተነገረን ነገር ነበር። መድኑ ሚሰራው ወረዳው ውል ከገባባቸው ተቋማት ጋር ነው። የመንዙ ካርድ አዲስ አበባ ወንድሜ ሰፈር ያለ ጤና ጣቢያ ላይ አልሰራም። ሌላው፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፉ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው በሙሉ ወይ በከፊል ወደ እናንተ ይዞራል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። መነጽር ደግሞ አይሸፍንም። መድሃኒት «የለም» ከተባለም ዝም ብላችሁ ወደ ግል ፋርማሲ አትሩጡ፣ ማዘዣው ላይ እዛ እንደሌለ ጽፈው ማህተም ያድርጉላችሁ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ብሩን ሚመልሱ ወረዳዎች አሉ። እኛ አንድ ጤና ተቋም ላይ የግፊቷ ክኒን አምሎዲፒን የለም ተብለን ሶስት ወር በተከታታይ ከውጪ ገዛን፣ ማህተሙን ሳናስደርግ፣ ከዛ ሚመለስ ነገር እንዳለ የነገረን አጠገባችን ወረፋ የያዘ ሰው ነው።

መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግስት ይከፍልላቸዋል፣ ክልሉና ወረዳው። ማን ድሃ እንደሆነ ሚለየው ግን ቀበሌው ነው፣ ስም ዝርዝሩ በህዝብ ፊት ይነበባል። ያን ቀን ስብሰባው ላይ ነበርኩ፣ ጥድ ስር ነው የተቀመጥነው፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አርጋ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስሟ ሲነበብ አንድ ሰው ተነሳና «እሷማ ልጆቿ ከተማ ናቸው» አለ። ተሰረዘች። ሰውየው ዋሽቷል አልልም፣ እኛ አለን፣ እኛ እንከፍላለን። ግን ከሷ ቀጥሎ የተነበቡት አንዲት አሮጊትም በዚሁ ቃል ተሰረዙ፣ የሳቸው ልጅ ከተማ ገባ ከተባለ አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ደውሎ አያውቅም፣ መሬታቸውን እኩል ሰጥተው ሚደርሳቸው ገብስ እስከ ግንቦት እንኳን አያደርሳቸውም። እባካችሁ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ዝርዝሩ ሲነበብ ተነስታችሁ ተናገሩላቸው፣ እሳቸው በህዝብ ፊት «ልጄ ጥሎኛል» ብለው አይናገሩም። ስብሰባው ካለፈ ደግሞ ቅሬታ በጽሁፍ ለቀበሌው፣ ካልሆነም ለወረዳው የሴቶች ህጻናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽህፈት ቤት ማስገባት ይቻላል። ገጠር ሴፍትኔት ያለበት ወረዳ ከሆነ ጉልበት የሌለው አረጋዊ ስራ ሳይሰራ ቀጥታ ድጋፍ ሚያገኝበት አሰራር አለ፣ እሱንም አብራችሁ ጠይቁ።

ጤና ጣቢያ ወይስ ሪፈራል

ደረጃው እንዲህ ነው። ከታች ጤና ኬላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቹ ያሉበት፣ ለ3,000 እስከ 5,000 ሰው ታስቦ ሚሰራ። ከዛ ጤና ጣቢያ፣ እስከ 25,000 ሰው። ከዛ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከላይ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከሁሉም በላይ ስፔሻላይዝድ። በኛ ሰሜን ሸዋ ዞን ሰው ሁሉ ሚሮጠው ወደ ደብረ ብርሃን ነው፣ ግን መሐል ሜዳም ሆስፒታል አለ፣ መርሐቤቴ ዓለም ከተማም «እናት» ሚባል ሆስፒታል አለ፣ ሸዋሮቢትም አለ። የመርሐቤቴ ሰው በሆነ ባልሆነው ደብረ ብርሃን ሲንገላታ ሳይ ያሳዝነኛል።

እኛ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክትትሏን ደብረ ብርሃን ነበር ያደረግነው፣ ትልቅ ነው ብለን። ቀጠሮ ሲኖር ዋዜማውን መጥታ እኔ ጋ ታድራለች፣ ጠዋት 12 ሰዓት ወረፋ፣ ካርድ ክፍል፣ ግፊት ልኬት፣ ሀኪሙ ጋ ምትቆየው አምስት ደቂቃ፣ ፋርማሲ፣ ከሰዓት ሲሆን መኪና የለም፣ ደግሞ ታድራለች። ሶስት ቀን ለአምስት ደቂቃ። ክረምት ላይ ጭጋጉና ጭቃው ሲብስ ሁለት ቀጠሮ ዘለለች፣ መድሃኒቷ አልቆ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር፣ ግፊቷ 190 ሲገባ ነው የነገሩን። ያኔ ነው ወደ ጤና ጣቢያ ያዛወርናት።

እና ምን አጣች? እውነት ለመናገር ለግፊት ምንም ያጣችው የለም። ሚሰጣት ክኒን አንድ ነው። ጤና ጣቢያው ያለበት ከተማ ገበያ ምትወጣበት ከተማ ነው፣ ቀጠሮዋን በገበያ ቀን እንዲያደርጉላት ጠየቅናቸው፣ እሺ አሉ፣ አሁን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወጥታ ተለክታ ክኒኗን ይዛ ጨውና ቡናዋን ሸምታ ትመለሳለች። ግፊቷ ከተረጋጋ በኋላ ደግሞ የሁለት ወር ክኒን በአንዴ ይሰጧት ጀመር፣ ይሄንንም ጠይቁ፣ ካልተጠየቁ ላይሰጡ ይችላሉ፣ በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊት። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ፣ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንዳየነው ታውቃላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ካርድ ያለው ሰው መንደሩ ላይ ካርድ የለውም ማለት ነው፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ግን ታሪኩን ያውቀዋል።

ሪፈራል ግድ ሚልበት አለ። ደረት ውጋት፣ ድንገት አንድ ጎን እጅና እግር መስነፍ፣ አፍ መጣመም፣ ሽንት መዘጋት፣ ወድቆ ዳሌ መሰበር፣ እነዚህን ጤና ጣቢያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። በዓመት አንዴም ለኩላሊትና ለልብ ምርመራ ብሎ መውጣት ጥሩ ነው፣ እኛ በጋ ላይ ነው ምናደርገው።

የአይን ነገር ለብቻው ነው። አይነ ስውር ሆነች ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሞራ በቀዶ ህክምና ይነሳል፣ አንዳንዴም በዘመቻ በነጻ ይሰራል፣ ማስታወቂያው በቀበሌና በኤክስቴንሽኖቹ በኩል ነው ሚመጣው። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ አይን ሚወጋው ደግሞ ቀለል ያለ ቀዶ ህክምና አለው፣ የሰለጠነ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ላይ በነጻ ነው ሚሰራው። እናቴ ሞራው ተነስቶላት በሶስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የኔን ጸጉር ነው፣ «ሸብተሃል እንዴ» አለችኝ፣ ሸብቼ አላውቅም ነበር ለሷ።

ኮንትራት፣ ሰልፍ፣ አምቡላንስ

ክልሉ ውስጥ ከከተማ ከተማ ሚሄደው መኪና ታሪፍ አለው፣ ክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ያወጣዋል፣ የከተማ ውስጥ ባጃጅም የራሱ አለው። ኮንትራት ግን በስምምነት ነው፣ ታሪፍ የለውም፣ በኛ መንገድ አንድ ኮንትራት ያወጣችሁት ብር ለአምስት ስድስት ጊዜ ሰልፍ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ኮንትራትን ለክትትል አታድርጉት፣ ለሪፈራል፣ ከቀዶ ህክምና መልስ፣ መቀመጥ ለማይችል ሰው አቆዩት። ለሌላው ጊዜ የመናኸሪያ መኪና ይበቃል፣ ግን ማታ ለሹፌሩ ወይ ለስምሪቱ ደውሎ ጋቢና ማስያዝ ነው። ከኋላ ታጥፋ ሁለት ሰዓት የተቀመጠች ሴት ስትወርድ ጉልበቷ አይዘረጋም።

ይሄን ደግሞ ሀኪም ሳይቀር ይረሳዋል፦ ሽንት ሚያሸና የግፊት ክኒን ሚወስዱ አሉ፣ ጠዋት ውጠው መኪና ውስጥ ከገቡ ስቃይ ነው። አሮጊት ሴት «አቁሙልኝ» አትልም፣ ታፍራለች። ለዛ ብላ ክኒኑን ትተወዋለች፣ ወይ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አትጠጣም፣ ከዛ መናኸሪያ ላይ አዙሯት ትወድቃለች። የጉዞ ቀን ክኒኑ ስትደርሱ ይዋጥ እንደሆነ ሀኪሙን ጠይቁት፣ ሹፌሩንም ጣርማበር ላይ ወይ ደብረ ሲና ቆሎው ጋ አንዴ እንዲያቆም ቀድማችሁ እናንተ ንገሩት፣ እሷ እንዳትናገር። ስኳር ያለበትና በጾም ሚጓዝ ሰው ካለ ደግሞ አደራ፣ ባዶ ሆድ መርፌ ተወግቶ ዳገት መውጣት ሰው ይጥላል፣ የኔ አጎት ለሀኪም እምቢ ብሎ ነበር፣ የንስሃ አባቱ «መድሃኒት ላይ ያለ ሰው ይብላ» ሲሉት ነው እሺ ያለው።

አምቡላንስ የወረዳው ነው፣ ቅድሚያው ለወላድ ነው፣ መሆንም አለበት። ለድንገተኛ አረጋዊም ይጠራል፣ ግን አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ነው ሚቆመው፣ እስከዛ ያለው በቃሬዛ ነው። ስለዚህ የአምቡላንሱን ሹፌር ስልክ ብቻ ሳይሆን ቃሬዛ ሚሸከሙ አራት ጎረምሶች ስልክ ጭምር ነው መያዝ ያለባችሁ።

አምጥቶ መጦር ወይስ እዛው

አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ አምስት ወር ተቀምጣለች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ምግብ አልጎደለባትም፣ ሙቀት አልጎደለባትም፣ ልጅ አልጎደለባትም። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ለመሳም ብቻ ትወርድ ነበር፣ ቆይታ እሱንም ተወችው፣ ደረጃው አቅቷት። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች፣ ከመንዝ ያመጣችው ሱፍ አለቀ፣ ሌላ ሚሸጥ አላገኘንላትም፣ ባዶ እንዝርት ይዛ ተቀመጠች። መልሰን ወሰድናት።

ሸዋሮቢት እህቴ ጋ በጥቅምት ሄደች፣ ብርዱን ትሽሽ ብለን። ደጋ ኖሮ ያረጀ ሰው ለወባ ምንም መከላከያ የለውም፣ ወባው ደግሞ ሚበዛው ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ ብዙም ሳትቆይ ወባ ይዟት ወደቀች። ቆላ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ወሩን ምረጡ፣ ከጥር በኋላ ይሻላል፣ ያኔም አጎበር ይኑር። ኢንሱሊን ሚወስድ ሰው ቆላ ሲወርድ መድሃኒቱን መኪናው ጣሪያ ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጉ፣ ቤት ሲደርስም ፍሪጅ ከሌለ በውሃ በረጠበች ገንቦ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልሎ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ብናመጣትስ? ከሁሉም ይሄ ይሻል ነበር፣ አየሩ ያው የሷ ነው፣ ቋንቋው ያው ነው፣ ሐኪም ቅርብ ነው። ግን ዕድሯ እዛ ነው፣ ማህበሯ እዛ ነው፣ ባሏ የተቀበረው እዛ ነው። ካመጣችሁ ዕድሯን አታቋርጡባት፣ በየወሩ ክፈሉላት፣ ዕድሯ የተቋረጠ አሮጊት ማታ ማታ ስለሱ ብቻ ነው ምታስበው።

አሁን ያለው እንዲህ ነው፦ እዛው ቤቷ ናት፣ የወንድሟ ልጅ ልጅ፣ 16 ዓመቷ፣ አብራት ትኖራለች፣ ግማሽ ቀን ትማራለች፣ የትምህርት ወጪዋን ልብሷን እኛ እንችላለን፣ ለቤተሰቧም በየወሩ እንልካለን። ክኒኑን ምትሰጣት እሷ ናት፣ በምስል አሳይተናታል፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ። አልጋው ከእሳቱ ራቅ ብሎ ጭስ በሌለበት ነው፣ ሁለት ባና አለ፣ በሩ ላይ መሰናከያ እንጨቱን አንስተናል፣ ሽንት ቤቱ ጋ የሚያዝ አጣና ተክለናል። ልጅቷ 12ኛ ክፍል ስትጨርስ ሌላ መላ እንፈልጋለን፣ የሷንም ህይወት ማሰር አንፈልግም።

ማንም ለሌለው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያለ ማዕከል አለ፣ የወደቁ አረጋውያንን ያነሳል። ሕገ መንግስቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግስት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። ልጅ እያለ ወደ ማዕከል መውሰድን ግን እኔ አልመክርም፣ ቦታው ላጣ ሰው ይቆይ።

ቀበሌ «ምን እንስራ» ብሎ ሲጠይቅ

በየዓመቱ መዋጮ ይጠየቃል፣ ጉልበትም ብርም። ስብሰባ ላይ ሶስት ሀሳብ ይመጣል፦ ጤና ኬላው ላይ ክፍል እንጨምር፣ ለአምቡላንስ ነዳጅ እናዋጣ፣ መንገዱን እንጥረግ። እኔ ሶስተኛውን እመርጣለሁ፣ እሱም ውስጥ ሙሉውን መንገድ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ በዩራፕ፣ ገጠር ቀበሌዎችን በመንገድ ለማገናኘት በወጣው ፕሮግራም፣ የተጠረጉ ብዙ መንገዶች የት ላይ እንደተበላሹ እዩ፣ ወንዟ መሻገሪያ ላይ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ደህና መንገድ፣ አስር ሜትር ቦይ ላይ ተቆርጦ ከሰኔ እስከ መስከረም ባጃጅ አይገባም። አንድ ቱቦ ቢቀበር ባጃጁ እናቴ በር ላይ ይደርሳል፣ ወላዷም በቃሬዛ አትሄድም፣ መድሃኒትም ወደ ኬላው ይገባል። ክፍል ቢጨመር ግን ክፍሉን ሚሞላ መድሃኒት ሚያልፍበት መንገድ የለም። የነዳጁ መዋጮ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን በየዓመቱ ያልቃል።

ጊዜውን ደግሞ እወቁት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ግንቦት ላይ ጥያቄ ይዞ ወረዳ መሄድ ዘግይቷል፣ ጥያቄው በጋ ላይ በቀበሌ ቃለ ጉባኤ ተይዞ መንገድና ትራንስፖርት ጽህፈት ቤት መድረስ አለበት። በቃል «እናያለን» ከተባላችሁ አትመለሱ፣ ደብዳቤ ቁጥር ጠይቁ። የኛ ዘንድሮ የካቲት ላይ ገብቷል፣ 43 ሰው ፈርሞበታል፣ እናቴም በአውራ ጣቷ። ወረዳው ቱቦውን ከሰጠ ድንጋዩንና ጉልበቱን መንደሩ ይችላል ተብሎ ነው የተጻፈው። ሐምሌ በጀቱ ሲጸድቅ ቁጥሩን ይዤ እሄዳለሁ፣ የሆነውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።